ክረምታችን ሲለካባት የኖረች ከተማ

(በአንድ የጉዞ ወግ ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

እንደምን አመሻችሁ!

ካይሮ ደርሼ ከመጣሁ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ሁለት ነገር ነው። አንዱ «ፒራሚዱን አየሽው?» ነው። ሌላው «ስለ ግድቡ ምን አሉሽ?» ነው። ሁለቱንም እመልሳለሁ። ግን ከነዙሪያዋ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚኖርባትን ከተማ በአንድ ሐውልትና በአንድ ዜና ብቻ ማወቃችን ይቆጨኛል። ከካይሮ ጋር ያለን ትውውቅ ከግድቡም፣ ከዜናውም፣ ከኤምባሲዎቹም በጣም ይቀድማል። ዛሬ የማወራችሁ እግሬ እንደመራኝ ያየሁትን ነው። ሳላስበው በየቦታው አገሬን እያገኘሁ ስለነበር ግን ወሬዬ ወደዚያ ማዘንበሉ አይቀርም።

ከአውሮፕላን ስትታይ ካይሮ የአሸዋ ቀለም ናት። አረንጓዴ ነገር ያለው ወንዙ ዳር ብቻ ነው። ከዚያ ድንገት ይቋረጥና በረሃው ይጀምራል። እኛ ጋ ከተማ ሲያልቅ እርሻ ይመጣል፣ ቀጥሎ ባሕር ዛፍ፣ ቀጥሎ ተራራ። እዚያ ወንዙ ካልደረሰ ምንም የለም። በስተግራዬ በረሃ፣ በስተቀኜ በረሃ፣ መሃል ላይ አንድ አረንጓዴ መስመር። ስለ ውሃ ሲነሳ እነዚህን ሰዎች የሚይዛቸው ፍርሃት ከየት እንደሚመጣ ገና ሳላርፍ በመስኮት አየሁት። በሚሉት ሁሉ መስማማት ሌላ ጉዳይ ነው። ፍርሃታቸው ግን የፈጠራ አይደለም።

ከአየር ማረፊያ ወደ መሃል ስትገቡ ዓይን የሚይዘው የቀይ ጡብ ቤት ብዛት ነው። ልስን የላቸውም፤ ቀለም የላቸውም። ጣሪያቸው ላይ የአርማታ ብረቱ እንደቆመ ነው። የሚያይ ሰው ገንዘብ አልቆበት የቆመ ግንባታ ነው ይላል። በረንዳዎቹ ላይ ግን ልብስ ተሰጥቷል፣ ልጆች ያያሉ፣ የሳተላይት ዲሽ ተደርድሯል። ብረቱ የቀረው ሆን ተብሎ ነው። ልጅ ሲደርስና ሚስት ሲያገባ ከላይ አንድ ፎቅ ይጨመርለታል። አባት ታች፣ ታላቅ ወንድም መሃል፣ ታናሹ ከላይ። ይህንን ከሰማሁ በኋላ እያንዳንዱን ቤት ሳይ ስንት ልጅ ገና ለማግባት እንደቀረ እያሰብኩ ነበር የማልፈው።

መንገድ መሻገር ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። በብዙ ቦታ የትራፊክ መብራት የለም። መኪናው አይቆምም፣ ሰውም አይቆምም። ክላክሱ ከጠዋት እስከ ሌሊት ነው፤ የቁጣ ሳይሆን «አለሁ፣ መጣሁ» የማለት ያህል ነው። ታህሪር አደባባይ አጠገብ ጠርዝ ላይ ቆሜ ክፍተት ስጠብቅ አንዲት ጠና ያሉ እናት ዘንቢል አንጠልጥለው መጡ። አዩኝ። ምንም ሳይጠይቁ እጄን ያዙኝ። ከዚያ ዝም ብለው መራመድ ጀመሩ። አልሮጡም፣ አላመነቱም። መኪኖቹ ከፊታችንና ከኋላችን እየታጠፉ አለፉ። ማዶ ስንደርስ ለቀቁኝና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ሚስጥሩ እርምጃን አለመቀየር ነው። ሾፌሩ የሚያሰላው በምትሄዱበት ፍጥነት ነው። ድንገት ከቆማችሁ ወይም ከሮጣችሁ ስሌቱ ይፈርሳል።

ከመሬት በታች ሌላ ከተማ አለ። የካይሮ ሜትሮ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው፤ በአፍሪካ የመጀመሪያው የምድር ውስጥ ባቡር ነው። መሃል ላይ ያሉት ፉርጎዎች የሴቶች ናቸው። ሴት የሆናችሁ ሁሉ እዚያ እንድትገቡ እመክራለሁ፤ ለደህንነት ብቻ ብዬ አይደለም። የከተማዋ ሴቶች ሳይጠነቀቁ የሚቀመጡት እዚያ ነው። ጫማቸውን ያወልቃሉ፣ ሕፃን ያጠባሉ፣ ከማያውቁት ሰው ጋር ስለ አማት ያወራሉ።

አንዲት ልጅ የፀጉር ማስያዣ ይዛ ገባች። አትጮህም፣ አትለምንም። ከመጀመሪያው ወንበር ጀምራ በእያንዳንዷ ሴት ጭን ላይ አንድ አንድ ፓኬት እያስቀመጠች እስከ መጨረሻው ሄደች። ከዚያ ተመለሰች። የፈለገች ገንዘቡን ሰጠቻት፣ ያልፈለገች ዕቃውን መለሰችላት። በመሃል የጠፋ የለም፣ የተጨቃጨቀ የለም። ባቡሩ ቀጣዩ ጣቢያ ሳይደርስ ሁሉም አልቋል። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ «ሱዳን?» አለችኝ። «ኢትዮጵያ» አልኳት። ፊቷ ፈካ። በስልኳ እያስተረጎመች ስንት ልጅ እንዳለኝ፣ እናቴ በሕይወት እንዳለች፣ ለምን ብቻዬን እንደመጣሁ ጠየቀችኝ። ስለ ሥራዬ አንድም ጥያቄ የለም። መውረጃዋ ሲደርስ ከቦርሳዋ መንደሪን አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችና ወረደች።

ምግቡ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም የካይሮን ሰው ያወቅሁት ቆሞ ሲበላ ነው። ጠዋት በየመንገዱ ጥግ የፉል ጋሪ ይቆማል። ጋሪው ላይ አንገቷ የጠበበ፣ ሆዷ የሰፋ የብረት እንስራ ዘንበል ብላ ተቀምጣለች። ባቄላው ሌሊቱን ሙሉ በዝግታ ሲበስል አድሯል። ሰውየው ረጅም ጭልፋ ወደ ውስጥ ይሰድና ያወጣል፤ ዘይት፣ ሎሚ፣ ከሙን ያደርግበታል፤ ከተፈለገ የተፈጨ ሰሊጥ። የግንባታ ሠራተኛው፣ ከረባት ያሰረው የባንክ ሠራተኛ፣ ቦርሳ ያዘለው ተማሪ ትከሻ ለትከሻ ቆመው ከአንድ ጋሪ ይበላሉ። አዲስ አበባ ፉል ቤት ቁርስ የለመደ ሰው እዚያ አይቸገርም። እንደኛ የተፈጨ ሳይሆን ባቄላው ከነቅርጹ መሆኑ ብቻ ይለያል።

ዳቦው ደግሞ በራስ ላይ ነው የሚሄደው። አንድ ወጣት ብስክሌት ላይ ተቀምጧል። በአንድ እጁ መሪ ይዟል። በሌላው እጁ ራሱ ላይ የተሸከመውን የበር ስፋት ያለው የእንጨት ርብራብ ይደግፋል። ርብራቡ ላይ ትኩስ ዳቦ ተደርድሯል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በመኪና በተጨናነቀ አውራ ጎዳና ላይ ነው። ቀና ብላችሁ ስታዩ ደግሞ ከአራተኛ ፎቅ በገመድ ቅርጫት ሲወርድ ታያላችሁ። ታች ያለው ባለሱቅ ገንዘቡን ከቅርጫቱ ያነሳል፣ ዳቦና ቲማቲም ይጨምርበታል፣ ገመዱን ነቅነቅ ያደርጋል፤ ቅርጫቱ ወደ ላይ ይሄዳል። ደረጃ መውጣት ለማይችሉ አሮጊቶች ትልቅ ነገር ነው።

ካይሮ የማታ ከተማ ናት። ቀኑ ይሞቃል። ፀሐይ ስትጠልቅ ቤተሰብ በሙሉ ከእነ ሕፃናቱ ይወጣል። ቀስር አል-ኒል የሚባለው ድልድይ ላይ ሄድኩ፤ መግቢያዎቹ ላይ ትልልቅ የነሐስ አንበሶች አሉ። እኩለ ሌሊት እየተቃረበ ነው። ሰው ግን የድልድዩን አጥር ተደግፎ ወንዙን ያያል። ፍቅረኞች አሉ፣ አያቶች አሉ፣ በቆሎ የሚጠብስ አለ። አንድ ሻጭ ጋሪው ላይ ቢጫ ፍሬ ቆልሏል፤ በወረቀት ጠቅልሎ ሎሚ እየጨመቀ ይሸጣል። ቀረብ ብዬ አየሁት። ግብጦ ነው! የጎጃም ሰዎች እዚህ ካላችሁ ታውቁታላችሁ። እኛ ቀቅለን፣ ምሬቱ እስኪለቅ ወንዝ ውስጥ ዘፍዝፈን የምንበላው፣ አረቄ የምናወጣበት ግብጦ። እነሱም ምሬቱን በውሃ አስለቅቀው፣ ጨው አድርገው በድልድይ ላይ ይበሉታል። ቅርፊቱን በጥርስ ቀድዶ ፍሬውን ወደ አፍ መወርወር፤ አበላሉ እንኳ አንድ ነው። ገዛሁና እነሱ እንደሚያደርጉት ቅርፊቱን ይዤ ውሃውን እያየሁ ቆምኩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ካይሮ ሄዶ አንድ ቦታ ብቻ የማየት ዕድል ያለው ኢትዮጵያዊ ቢጠይቀኝ ፒራሚዱን አልለውም። ሮዳ ደሴት ሂድ እለዋለሁ።

ሮዳ በወንዙ መሃል ያለች ደሴት ናት። በደቡብ ጫፏ ሾጣጣ ጣሪያ ያለው አንድ ትንሽ ሕንፃ አለ፤ ሚቅያስ ይሉታል። የዓባይ መለኪያ ነው። የተሠራው እ.ኤ.አ. በ861 በኸሊፋ አል-ሙተወኪል ትእዛዝ ነው። ጎብኚ እምብዛም የለበትም። እኔ ስደርስ ማንም አልነበረም። ጠባቂው ሽማግሌ ቁልፍ ይዘው መጡና ከፈቱልኝ።

በሩን አልፋችሁ ስትገቡ ወለል አትጠብቁ፤ ጉድጓድ ነው። አራት ማዕዘን፣ በተጠረበ ድንጋይ የተገነባ፣ ጥልቅ። ግድግዳውን ተከትሎ ደረጃ ወደ ታች ይወርዳል። መሃል ላይ ስምንት ጎን ያለው የእምነ በረድ ዓምድ ቆሟል። ዓምዱ ላይ ከታች እስከ ላይ በክንድ በክንድ መስመር ተሰምሯል። ግድግዳው ላይ ስለ ውሃና ስለ ዝናብ የሚናገሩ የቁርዓን አንቀጾች በድሮ አረብኛ ጽሕፈት ተቀርጸዋል። በአንድ በኩል ከወንዙ ጋር የሚያገናኙ ሦስት ቦዮች በተለያየ ከፍታ ተሠርተዋል። ወንዙ ሲሞላ በቦዮቹ ገብቶ ጉድጓዱን ይሞላል። የሚለካው ሰው ቆሞ ውሃው ዓምዱ ላይ የትኛው መስመር ላይ እንደደረሰ ያያል። በቃ። መሣሪያው ይኸው ነው።

አሁን ቦዮቹ ተዘግተዋል፤ ጉድጓዱ ደረቅ ነው። ደረጃውን ወረድኩ። ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነው፣ ከላይ የክላክሱ ድምፅ አይሰማም። ዓምዱን በቅርብ አየሁት። መስመሮቹ በዓይን ይነበባሉ።

16 ክንድ ከሞላ ጥጋብ ነው። የከተማው ትልቅ ቦይ የተዘጋበት አፈር ይቆረጣል፣ ውሃው ወደ ማሳ ይለቀቃል፣ ሕዝቡ በወንዙ ላይ በጀልባ ይወጣል፣ በዓል ይሆናል። ከዚያ በብዙ ካነሰ ረሃብ ነው። በጣም ካለፈ ጎርፍ ነው። ግብርም የሚታሰበው በዚሁ ነበር። ውሃው ካልደረሰ ገበሬው አያመርትም፤ ካላመረተ መንግሥት የሚሰበስበው የለም። የየቀኑን ጭማሪ በየሰፈሩ እየዞሩ የሚያውጁ ሰዎች ነበሩ። ቁጥሩ ቀድሞ እንዳይወራ የተከለከለበት ዘመንም አለ፤ ውሃው ዘገየ ከተባለ ነጋዴው እህል ይደብቃልና።

እስቲ አስቡት። ካይሮ ውስጥ በዓመት የሚዘንበው ጥቂት ቀን ነው፤ እሱም ካፊያ። ታዲያ ያ ዓምድ ከሺህ ዓመት በላይ ሲለካ የኖረው ምንድን ነው? የእኛን ሐምሌና ነሐሴ ነው። ደቡብ ግብጽ ያለችው አስዋን ከሚደርሰው ውሃ ከ80 በመቶ በላይ የሚሄደው ከኢትዮጵያ ነው፤ በዓባይ፣ በተከዜ፣ በባሮ። በሞላበት ወራት ደግሞ ድርሻው ከዚህም ይበልጣል። ጎጃም ውስጥ አንድ ገበሬ ማሳ ላይ የወረደ ዝናብ፣ ወሎ ቆላ ውስጥ ድልድይ የወሰደ ደራሽ፣ ሳምንታት ቆይቶ እዚህ ድንጋይ ላይ መስመር ይሆን ነበር። ክረምቱ እኛ ጋ ሲዘገይ እኛ እግዚኦ እንላለን። እዚያም በዚያው ወር እግዚኦ ይባል ነበር። ሁለቱ ሕዝቦች አንዱ የሌላውን ቋንቋ ሳያውቅ ለአንድ ዝናብ ይጸልይ ነበር።

እ.ኤ.አ. ከ1065 እስከ 1072 ግብጽን የመታ ከባድ ረሃብ አለ፤ ዓባይ ተደጋግሞ ሳይሞላ የቀረበት ዘመን ነው። በዚያው በኸሊፋ አል-ሙስተንሲር ዘመን ፓትርያርኩ ሚካኤል ውሃው እንዲለቀቅ ለመለመን ስጦታ ይዘው ወደ ኢትዮጵያ ንጉሥ ተላኩ የሚል ታሪክ አንድ የግብጽ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ጽፏል። በዚያ ዘመን ወንዙን ይዞ መልቀቅ እንደማይቻል ዛሬ እናውቃለን። ታሪኩ ግን ሰዎቹ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ከጥንት ጀምሮ ማወቃቸውን ያሳያል። አፄ ዘርዓ ያዕቆብም እ.ኤ.አ. በ1443 ለግብጹ ሱልጣን ስለ ክርስቲያኖች በደል በጻፉት ደብዳቤ ወንዙን አንስተው ነበር። የውሃው ንግግር ትናንት የተጀመረ አይደለም።

የአስዋን ትልቁ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ካለቀ በኋላ ሙላቱ ካይሮ አይደርስም። መለኪያው ሥራ አጣ።

ጠባቂው ሽማግሌ ከላይ ሆነው ሲጠብቁኝ ቆይተው ስወጣ «ከየት ነሽ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ፈገግ አሉና በጣታቸው ወደ ጉድጓዱ፣ ከዚያ ወደ ደቡብ አመለከቱ። «ከእናንተ ነው» አሉ። ስለ ግድቡ ያነሳሉ ብዬ ጠበቅሁ። አላነሱም። «ዘንድሮ ዝናቡ እንዴት ነው?» አሉኝ። ገበሬ ለገበሬ የሚጠያየቀውን ጥያቄ ነው የጠየቁኝ። ደህና ነው አልኳቸው። «አልሐምዱሊላህ» አሉና በሩን ቆለፉ።

ከሮዳ ማዶ አሮጌው የክርስቲያኖች ሰፈር አለ። ሜትሮው ማር ጊርጊስ ከሚባለው ጣቢያ ስትወጡ ፊት ለፊታችሁ የሮማውያን ምሽግ ግንብ ቆሟል። ከምሽጉ በር በላይ የተሠራች የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ተንጠልጣይዋ ይሏታል። ሕዝበ ክርስቲያኑ ጫማ አያወልቅም፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣል። የእጣኑ ሽታ ግን የእኛው ነው። ወደ ጎን ሲገባ አንዲት ትንሽ መቅደስ አለች። የማን እንደሆነች ስጠይቅ «የአቡነ ተክለ ሃይማኖት» አሉኝ። የእኛው ተክለ ሃይማኖት! የደብረ ሊባኖሱ! በግብጻውያን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ በግብጻውያን ካህናት እየተቀደሰላቸው። እስክንድርያ ውስጥም በስማቸው የታወቀ ቤተ ክርስቲያን አለ። እዚያ ቆሜ አለቀስኩ። ከቤቴ ይህን ያህል ርቄ የአገሬ ጻድቅ ሲከበር አያለሁ ብዬ አልጠበቅሁም ነበር።

ጳጳሶቻችን ከአባ ሰላማ ጀምሮ ከእስክንድርያ መንበር ሲሾሙልን እንደኖሩ ታውቃላችሁ። መንበሩ በ11ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ካይሮ ስለዞረ፣ ከዚያ ወዲህ አቡን ሲያርፍ መልእክተኛ የሚላከው ወደዚህች ከተማ ነበር። በረሃውን አቋርጦ ደርሶ፣ ከሱልጣኑ ፈቃድ ጠይቆ፣ ጳጳስ ይዞ መመለስ ነው። አንዳንዴ ዓመታት ይወስዳል። አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ ሆነው የተሾሙት በዚሁ በካይሮ በሰኔ 1951 ዓ.ም. ነው። አባሲያ በሚባለው የካይሮ ሰፈር የሚገኘው ትልቁ የቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል በሰኔ 1960 ዓ.ም. ሲመረቅም ከፕሬዚዳንት ናስር ጋር አፄ ኃይለ ሥላሴ ተገኝተዋል። የቀን መቁጠሪያችንም አንድ ነው ማለት ይቻላል። 13 ወር፣ ጳጉሜን፣ መስከረም 1 አዲስ ዓመት። ዘመኑን ብቻ እነሱ ከእ.ኤ.አ. 284 ጀምረው ይቆጥራሉ፤ በሰማዕታት ዘመን። የግብጽ ገበሬ ሙስሊምም ቢሆን የሚዘራውና የሚያጭደው እነዚህን ወሮች እየቆጠረ ኖሯል።

ሙስሊም ወገኖቼ ደግሞ ወደ አል-አዝሃር ሂዱ። መስጊዱ የተሠራው ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ969 በተቆረቆረች ማግስት ነው። ከየአገሩ የሚመጡ ተማሪዎች በየአገራቸው የተመደበ ማደሪያና መማሪያ ነበራቸው። ከነዚህ አንዱ የጀበርቲዎች ነበር። ከእኛ አካባቢ የሄዱ ደረሳዎች እዚያ ዳቦ ተሰፍሮላቸው ለዓመታት ይማሩ ነበር። ከዚያ ቤት የወጣ አንድ ሰው ልጥቀስ፤ አብዱረህማን አል-ጀበርቲ። እ.ኤ.አ. በ1753 ተወልዶ በ1825 ያረፈ ታሪክ ጸሐፊ ነው። አያት ቅድመ አያቶቹ ከእኛ ወገን መጥተው እዚያ የቀሩ ናቸው። ናፖሊዮን እ.ኤ.አ. በ1798 ግብጽን ሲወር ካይሮ ውስጥ ሆኖ በየቀኑ ያየውን የጻፈው እሱ ነው። ግብጻውያን ስለዚያ ዘመን ሲያወሩ የእሱን ጽሑፍ ሳይጠቅሱ አያልፉም። እኛ ልጆቻችንን ስለ እሱ አላስተማርንም። ይህ ሊስተካከል የሚገባው ነገር ነው፤ የትምህርት መጻሕፍት የምታዘጋጁ ሰዎች እዚህ ካላችሁ እባካችሁ አስቡበት።

ስለ ፒራሚዶቹ አጭር ልሁን። ትልቁ ከ4,500 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ፎቶው አይመጥነውም። ያልጠበቅሁት ነገር ከተማዋ እስከ እግራቸው ድረስ መድረሷ ነው። በአንድ በኩል በረሃ፣ በሌላው ልብስ የተሰጣበት በረንዳ። ግመል እንድትከራዩ የሚወተውቱ ሰዎች አሉ። ቁርጥ ያለ «ላ፣ ሹክራን» ይበቃል።

ደስ የማይለውንም ልናገር። አንድ ሰፈር ውስጥ ልጆች ቀለሜን አንስተው ሰድበውኛል። ትልቅ ሰው ቆሞ እያየ ዝም ብሏል። ያ ቀን ከብዶኛል። እኔ እንግዳ ነኝ፤ ከጥቂት ቀን በኋላ እሄዳለሁ። በየቤቱ ተቀጥረው የሚሠሩ እህቶቻችን፣ ወረቀት የሚጠብቁ ስደተኞች፣ ኤርትራውያኑና ሱዳናውያኑ ግን በየቀኑ በዚያ መንገድ ያልፋሉ። ከእነዚህ ከአንዷ ጋር ቡና ጠጥቻለሁ። በአራተኛ ፎቅ ላይ ጀበና ጥዳ፣ ፈንዲሻ አቅርባ። ጎረቤቷ የግብጽ ሴት ሽታው ስቧት መጣችና ከእኛ ጋር ሦስተኛውን ድረስ ጠጣች። «እሷ ናት ስታመም ሆስፒታል የወሰደችኝ» አለችኝ። ስድቡም እውነት ነው፣ ጎረቤቷም እውነት ናት። አንዱን ብቻ ይዤ መጥቼ ካወራሁላችሁ አልታመን።

*ከታዳሚዎች ከተነሱ ጥያቄዎች ጥቂቶቹ*

*ስለ ግድቡ በእርግጥ ምን አሉሽ?*

ያነሱብኝ ብዙዎቹ የታክሲ ሾፌሮች ናቸው። በቁጣ የተናገረኝ የለም። አንዱ «ልትዘጉብን ነው?» አለኝ፤ በቀጥታ። ውሃው ተርባይኑን አዙሮ እንደሚያልፍ፣ መብራት የሌለው ገበሬ ቤታችን ብዙ እንደሆነ በምችለው ነገርኩት። እሱም ልጆቹን በፎቶ አሳየኝና «እነዚህ ሌላ ወንዝ የላቸውም» አለ። ግድባችን ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ እኔም ከኪሴ አዋጥቼበታለሁ፣ እኮራበታለሁ። የሰውየውንም ንግግር ደግሞ አልረሳውም። መንግሥታቱ የሚነጋገሩበት ጠረጴዛ ላይ ሁለቱም ቢቀመጡ ደስ ይለኛል፤ የእኛ ኩራዝና የእሱ ልጆች።

*ጿሚ ሰው ምን ይበላል?*

ምንም አትቸገሩም። ፉል አለ፣ ከባቄላ የሚጠበስ ጣዕሚያ አለ፣ ኮሻሪ አለ። ኮሻሪ ሩዝ፣ ምስር፣ መኮሮኒና ሽምብራ ተደባልቆ የቲማቲም ስጎና የተጠበሰ ሽንኩርት የሚደረግበት ነው። ሁሉም የጾም ነው፣ ርካሽ ነው፣ ያጠግባል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የግብጽ ክርስቲያኖች በገና ጾምና በፍልሰታ ዓሣ ይበላሉ። የጾም ምግብ ስጡኝ ስትሉ ዓሣ ሊመጣላችሁ ስለሚችል ቀድማችሁ ተናገሩ።

*መቼ ልሂድ? የዓባይ መለኪያው ጋስ እንዴት ይደረሳል?*

ከኅዳር እስከ መጋቢት አየሩ ደህና ነው፤ ክረምታችን እዚያ የሙቀት ወቅት ነው። የአየር መንገዳችን የመጀመሪያ በረራ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 8 ቀን 1946 በአስመራ አድርጎ ካይሮ ነበር የሄደው፤ ዛሬም በቀጥታ ይሄዳል። ለመለኪያው ሜትሮ አንደኛውን መስመር ያዙና አል-መሊክ አል-ሷሊህ ጣቢያ ውረዱ። ድልድዩን በእግር ተሻግራችሁ ወደ ሮዳ ግቡ፣ ከዚያ ወደ ደቡቡ ጫፍ ታጠፉ። የዘፋኟ የኡም ኩልሱም ሙዚየም የት ነው ብላችሁ ብትጠይቁ ሁሉም ያሳያችኋል፤ መለኪያው ግቢው ውስጥ ነው። በሩ ተቆልፎ ካገኛችሁት አትመለሱ፤ ጠባቂውን አስጠሩ። ደረጃው ድጋፍ የሌለው ቦታ ስላለ ሶላቸው የማያንሸራትት ጫማ አድርጉ።